የካራቫን መጎተቻ ኳስ ከፍታ፤ በሕግ፣ በሚዛንና በልምድ ሲመረመር

ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ አንድ የብረት ኳስ ከመኪናው ኋላ ተተክሎ፣ አልጋና ምድጃ፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የተሰናዳለትን የመንገደኛ ቤት፣ ማለት ካራቫኑን፣ በአቀበትና በቁልቁለት፣ በነፋስና በዝናብ ይዞ እንዲጓዝ የተጣለበት አደራ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ይህ ኳስ ከምድር ምን ያህል ከፍ ብሎ መተከል እንደሚገባው መጠየቅ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ርእሰ ነገር መመርመር ነው። ይሁን እንጂ ካራቫን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የሞተሩን ጉልበትና የቤቱን ውበት፣ ቀጥሎም የኳሱን ስፋት ነው፤ ከፍታው ግን ብረቱን የተከለው ባለሙያ ሁሉን አስተካክሎታል በሚል እምነት ሳይመረመር ይታለፋል። በዚህ ሐተታ ላስረዳ የምፈልገው፣ ሕጉ የወሰነውን አሐዝ፣ የክብደት ሥርዓት የሚያስገድደውንና በልዩ ልዩ አገሮች የጸናውን ልማድ በየተራ ከመረመርሁ በኋላ፣ ትክክለኛው ከፍታ መኪናውና ካራቫኑ ሁለቱም የጉዞ ጭነታቸውን እንደ ያዙ በተያያዙ ጊዜ በመካከላቸው የሚገኝ ዝምድና መሆኑንና ባዶውን መኪና ቆሞ በሜትር በመለካት ብቻ የማይታወቅ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ብንጀምር፣ ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1885 በብሪስቶል አሠርቶ «ዋንደረር» ብሎ በሰየመው ቤት አገር ለአገር ሲዞር ጎታቾቹ ፈረሶች ስለ ነበሩ፣ የመጎተቻውን ከፍታ የሚወስነው የእንስሳው ቁመት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ የተቋቋመው የካራቫን ክበብም መጀመሪያ የፈረስ ጎታቾች ማኅበር ነበረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በበርሚንግሃም የኤክልስ ፋብሪካ በመኪና የሚጎተት ካራቫን እየሠራ መሸጥ ሲጀምር፣ በጀርመን አገርም እ.ኤ.አ. በ1931 አሪስት ዴትሌፍስ ለቤተ ሰቡ የሚሆን ተጎታች ቤት ሲሠራ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ በባቫርያ አሎይስ ኮበር ዛሬ አልኮ ተብሎ የሚታወቀውን፣ የካራቫን ሻንሲና ማያያዣ በመሥራት ስመ ጥር የሆነውን ድርጅት በትንሽ የብረት ሥራ ቤት ሲመሠርት፣ ፈረሱ ቀርቶ መኪናው ተተካ፤ ከፍታውም ከእንስሳው ቁመት ወደ መኪናው ሞላና ወደ ጭነቱ መጠን ተዛወረ። የጥያቄው ሁሉ ሥር ከዚህ ይነሣል፤ ምክንያቱም የፈረስ ቁመት በጭነት ብዛት አይለወጥም፣ የመኪና ጀርባ ግን ይወርዳል።

ዛሬ በአውሮጳ የሚሠራበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የኅብረቱ መመሪያ ቁጥር 94/20 ተደንግጎ፣ ኋላም በተባበሩት መንግሥታት የአውሮጳ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 55 የጸና ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 1998 ወዲህ አዲስ ሆነው የተመዘገቡ የቤት መኪናዎች የሚተከልላቸው የመጎተቻ ብረት በዚህ ሥርዓት ተፈትኖ የጸደቀ መሆን አለበት። ደንቡ የሚለው መኪናው የተፈቀደለትን ጭነት ሙሉ በሙሉ በያዘ ጊዜ የኳሱ ማእከል ከምድር ከ350 እስከ 420 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኝ ነው። በካራቫኑ በኩል ደግሞ፣ ወለሉ ከምድር ጋር ትይዩ ሆኖ በቆመ ጊዜ፣ ኳሱን የሚጎርሰው ማያያዣ ራስ 430 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ35 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ ማለት ከ395 እስከ 465 ባለው ወሰን ውስጥ እንዲገኝ ያዝዛል።

እነዚህን ሁለት ወሰኖች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያስተውል ሰው አንድ የተሰወረ ነገር ይገለጥለታል። የመኪናው ወሰን መካከለኛ አሐዝ 385፣ የካራቫኑ ደግሞ 430 ነው፤ እንግዲህ በሕጉ መካከል ላይ የሚውል መኪናና በሕጉ መካከል ላይ የሚውል ካራቫን ሲያያዙ፣ የካራቫኑ ግንባር በ45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ያዘነብላል ማለት ነው፤ ከማያያዣው እስከ ጎማው አክስል ያለው ርቀት 4 ሜትር ቢሆን፣ ይህ ዝቅታ ከአንድ ዲግሪ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያህል ነው። ወደ ዳርቻዎቹ ብንሄድ ደግሞ፣ ዝቅተኛው ኳስ (350) ከከፍተኛው ማያያዣ (465) ጋር ሲገጥም ግንባሩ በ115 ሚሊ ሜትር ይጎነበሳል፤ ከፍተኛው ኳስ (420) ከዝቅተኛው ማያያዣ (395) ጋር ሲገጥም ግን ግንባሩ ሽቅብ የሚያቀናው በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ግንባሩ በጥቂቱ እንዲጎነበስ ሰፊ፣ እንዲያቀና ግን ጠባብ በር ከፍተዋል፤ በእንግሊዝ የካራቫን ባለቤቶች ዘንድ «ወይ ትይዩ ይሁን፣ ካልሆነም በጥቂቱ ወደ ግንባሩ ያዘንብል» እየተባለ የሚሰጠው ምክርም ከሕጉ ጋር የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉን የሚጠቅሱ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ወሰን ብቻ እየጠቀሱ ሁለተኛውን የሚተዉት ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም፤ ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ትርጉም ግማሽ ነውና።

እዚህ ላይ «ሙሉ ጭነት» የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባውም። ባዶ መኪና በጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ኳሱ 440 ወይም 450 ሚሊ ሜትር ላይ ቢለካ ሕግ ተላልፏል ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ከነቤተ ሰቡ ሲሳፈርበት፣ የኋላው ሣጥን በዕቃ ሲሞላ፣ ካራቫኑም ግንባሩን ሲያሳርፍበት ወርዶ ከወሰኑ ውስጥ ይገባል። በኳሱ ላይ የሚያርፈው ይህ የግንባር ክብደት ከራሱ በላይ የሚሠራ ኃይል መሆኑን ደግሞ ማወቅ ይገባል፤ ኳሱ ከኋላው አክስል ወጣ ብሎ ስለ ተተከለ ክብደቱ እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራልና። ለምሳሌ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል 2.7 ሜትር ርቀት ባለው፣ ኳሱም ከኋላው አክስል 1.1 ሜትር በራቀ መኪና ላይ 80 ኪሎ ግራም ቢያርፍ፣ በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 113 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከፊተኛው ላይ 33 ኪሎ ግራም ያህል ይነሣል፤ ጀርባው ይሰምጣል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም በማታ በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ይወጣል። የኋላው ሞላ ለስላሳ በሆነበት መኪና ይህ ስምጠት ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ኳስ በአንድ ዓይነት ከፍታ የተተከለላቸው ሁለት መኪናዎች በጉዞ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ከፍታ ይኖራቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዓቢይ ጥያቄ ከፍታው ትንሽ ቢዛነፍ ምን ጉዳት ያመጣል የሚለው ነው፤ በዚህም ነገር የአንድ አክስል ካራቫንና የሁለት አክስል ካራቫን ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ ሁለቱን ደባልቆ የሚናገር ሰው አድማጩን ያሳስታል።

በመጀመሪያ አንድ አክስል ያለውን እንመልከት። የእንግሊዝ የካራቫን ብሔራዊ ምክር ቤት የሚመክረው የግንባሩ ክብደት ከተጫነው ካራቫን ጠቅላላ ክብደት ከመቶው ከ5 እስከ 7 እጅ እንዲሆን ነው፤ 1,400 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ካራቫን ይህ ከ70 እስከ 98 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የመኪናው ሠሪ፣ የመጎተቻው ብረት ሠሪና የካራቫኑ ሠሪ ከፈቀዱት መጠን አነስተኛው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ይጠበቃል። እንግዲህ የዚህ ካራቫን ማእከለ ስበት ከአክስሉ በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው ብንል፣ ኳሱ በ7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቤቱ ወደ ግንባሩ በአንድ ዲግሪ ያዘነብላል፤ ማእከለ ስበቱ ወደ ፊት የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በኳሱ ላይ የሚጨመረው ክብደት ከ4 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ይህን ስሌት የሠራ ሰው ሁሉ፣ ከፍታውን በማዛነፍ የግንባሩ ክብደት ይገለበጣል የሚለው ፍርሃት በአንድ አክስል ካራቫን ላይ የተጋነነ መሆኑን ይረዳል፤ አንድ ሙሉ የውሃ ጀሪካን ከቤቱ ኋላ ወደ ግንባሩ ማዛወር ከዚህ እጅግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ታዲያ ለአንድ አክስል ከፍታው ስለ ምን ይጠበቃል ቢሉ፣ ምክንያቱ ነፋሱና ፍሬኑ ነው። ግንባሩ ሽቅብ ያቀና ካራቫን በፍጥነት ሲጓዝ ነፋሱ ከወለሉ በታች እየገባ ግንባሩን ያነሣዋል፤ በቆመበት ጊዜ የተመዘነው የግንባር ክብደት በመንገድ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የግንባሩ ክብደት ሲሳሳ ደግሞ ካራቫኑ ከመኪናው ኋላ ግራና ቀኝ መዋለል ይጀምራል፤ ይህ መዋለል ከአንድ ፍጥነት በላይ ራሱን በራሱ እያባባሰ ስለሚሄድ መኪናውን ከነቤቱ ከመንገድ ሊያወጣው ይችላል። በባዝ ዩኒቨርሲቲ ዳርሊንግና ባልደረቦቹ ክብደቱና አክስሉ እየተዛወረ በሚስተካከል ተጎታች ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ምርምር፣ የመርጋቱ ነገር በብዙ የሚወሰነው በግንባሩ ክብደት፣ በአክስሉ ቦታና ጭነቱ ከማእከሉ ምን ያህል ተበትኖ እንደ ተቀመጠ መሆኑን አሳይተዋል። ከፍታው እንግዲህ የእነዚህ አገልጋይ ነው፤ ጌታው የጭነቱ አደላደል ነው። የፍሬኑን ነገር ያየን እንደ ሆነ፣ የአውሮጳ ካራቫን የሚቆመው መኪናው ሲቀንስ የካራቫኑ ግፊት በማያያዣው ውስጥ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ገፍቶ የጎማዎቹን ፍሬን ስለሚይዝ ነው፤ ግፊቱ በዘንጉ መንገድ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የቤቱ ሻንሲ ከምድሩ ጋር ትይዩ ሊሆን ይገባል፤ በብዙ የተዛነፈ ዘንግ ግን በማያያዣው ውስጥ ይታነቃል፣ ፍሬኑም ዘግይቶ በድንገት ይይዛል።

አሁን ወደ ሁለት አክስሉ እንለፍ፤ የዚህ ርእስ ምስጢር ሁሉ ያለው በዚህ ነውና። በአውሮጳ የሚሠራው የሁለት አክስል ካራቫን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ አክስል በውስጡ ባለው የጎማ መጭመቂያ ለብቻው የሚሠራ ሲሆን፣ ፊተኛው የተሸከመውን ለኋለኛው የሚያካፍልበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቤቱ ወደ ግንባሩ ባዘነበለ ጊዜ ፊተኛው አክስል ይጨመቃል፣ ኋለኛው ይፈታል፤ ግንባሩ ባቀና ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ለማስረዳት ያህል፣ 1,800 ኪሎ ግራም የሚሸከሙ፣ በመካከላቸው 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያለ ሁለት አክስሎች እንውሰድ፤ እያንዳንዱ በ900 ኪሎ ግራም ሥር 70 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል እንበል። ኳሱ በ7 ሴንቲ ሜትር ከትክክለኛው ከፍ ቢል፣ የአንድ ዲግሪው ዝንባሌ በሁለቱ አክስሎች መካከል የ14 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣል፤ ከዚህም የተነሣ ከፊተኛው 90 ኪሎ ግራም ያህል ተነሥቶ በኋለኛው ላይ ይጨመራል፤ አንዱ 810፣ ሌላው 990 ይሸከማል ማለት ነው። ጎማዎቹና አክስሉ ለሚችሉት ክብደት ጥቂት ትርፍ ብቻ በተተወበት ካራቫን ይህ የኋለኛውን ጎማ ከአቅሙ በላይ ያደርሰዋል፤ በሞቃት ቀንና በረጅም መንገድ ላይ የሚፈነዳው ጎማ ሁልጊዜ የኋለኛው የሆነበት ባለቤት ካለ፣ ጎማ ከመለወጡ በፊት የኳሱን ከፍታ ይለካ ዘንድ እለምነዋለሁ።

ከዚህም የሚደንቀው የግንባሩ ክብደት ነገር ነው። በአንድ አክስል ካራቫን ኳሱ ከፍ ሲል የግንባሩ ክብደት በጥቂቱ እንደሚቀንስ አይተናል፤ በሁለት አክስሉ ግን የተጨመቀው ኋለኛ አክስል ቤቱን ወደ ፊት ስለሚገፋው፣ ኳሱ ከፍ ሲል የግንባሩ ክብደት ይጨምራል፣ ዝቅ ሲልም ይቀንሳል። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ የአክስሎቹ ግፊት ብቻውን በ4 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 18 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ማእከለ ስበቱ ወደ ኋላ በመሄዱ የሚቀንሰውን 5 ኪሎ ግራም ያህል ብናነሣለት የሚቀረው ትርፍ ወደ 13 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ ቤቱን በግንባሩ ትንሽ ጎማ ላይ አቁሞ በአንድ ከፍታ መዝኖ፣ በሌላ ከፍታ የሚጎትት ሰው የመዘነውና የጎተተው ሁለት ልዩ ነገር ነው። ለዚህ ነው የግንባር ክብደት በኳሱ እውነተኛ ከፍታ ላይ እንጂ በሌላ መለካት የለበትም ብዬ አጥብቄ የምናገረው፤ ለሁለት አክስል ባለቤትም «ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል» የሚለው የአንድ አክስል ምክር እንደ ወረደ ሊሰጠው አይገባም፤ ለእርሱ የሚገባው ሻንሲው በተቻለ መጠን ከምድር ጋር ትይዩ እንዲሆን ነው።

በሕጉ ውስጥ አንድ የተከፈተ በር አለ፤ ለበረሃና ለዱር መንገድ የተሠሩ፣ ከምድር ከፍ ያሉ መኪናዎች ከ350 እስከ 420 ባለው ወሰን አይታሰሩም። መኪናው ራሱ የቆመበትን ከፍታ ሳያጣ ኳሱን ማውረድ ስለማይቻል ፍቃዱ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ለቤት መኪና የተሠራ ካራቫን ከእንዲህ ያለ መኪና ጋር ሲያያዝ ግንባሩ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ጀርባው ይወርዳል፤ ከኋላው ማዕዘን በታች ያሉት የማቆሚያ እግሮችና የፍሳሽ ቧንቧዎችም በመርከብ መግቢያ መወጣጫ ላይ ከመሬት ጋር ይጋጫሉ። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሕጉ አይነካኝም ብሎ ቢረካ፣ ሕጉ ቢተወውም ነፋሱና ክብደቱ አይተዉትም። ኳሱ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ደግሞ የግንባሩ ትንሽ ጎማና የማያያዣው እጅ በእንዲሁ ያለ መወጣጫ ላይ ምድር ይጭራሉ።

በአሜሪካ የጸናው ልማድ ከአውሮጳው በብዙ ይለያል። በዚያ የግንባሩ ክብደት ከጠቅላላው ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጎታች በመኪናው ጀርባ ላይ ቢያንስ 300 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ ይህ ብቻውን የኋላውን ሞላ ስለሚያሰምጥ፣ በሁለት ጠንካራ የብረት ዘንጎች አማካይነት ክብደቱን ከኋላው አክስል እያነሣ ወደ መኪናው ፊተኛ አክስልና ወደ ተጎታቹ አክስሎች የሚያካፍል ክብደት አከፋፋይ ማያያዣ ይጠቀማሉ። ኳሱም በየጊዜው የሚለወጥ ነው፤ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በታጠፈ ቁራጭ ብረት ላይ ይተከልና ቁራጩ በመኪናው ኋላ ባለው ቀዳዳ ይሰካል፤ ተጎታቹ ቢለወጥ ቁራጩ ይለወጣል። ለከፍታ ማስተካከያ ይህ ሥርዓት ከአውሮጳው ይልቅ አመቺ መሆኑን መመስከር ይገባል። ሁለት አክስል ባላቸው የአሜሪካ ተጎታቾች ብዙዎች ላይ በፊተኛውና በኋለኛው ባሌስትራ መካከል የሚወዛወዝ ማመጣጠኛ ብረት ስላለ፣ ቤቱ ቢያዘነብልም ክብደቱ ለሁለቱ አክስሎች በእኩል ሊከፋፈል ይችላል፤ ከላይ የተናገርነው የአውሮጳው የሁለት አክስል ችግር በእነዚህ ላይ በብዙ ይቀላል። ግን ከአሜሪካ መጽሐፍ ያገኘውን ምክር በአውሮጳ ካራቫን ላይ የሚያደርግ ሰው ይጠንቀቅ፤ በአሜሪካ ኳሱ የሚለካው ብዙውን ጊዜ እስከ አናቱ፣ በአውሮጳ እስከ ማእከሉ ነው፤ በዚህ ብቻ የ25 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይገባል፤ ሁለት ኢንች የሆነው የአሜሪካ ኳስና የ50 ሚሊ ሜትሩ የአውሮጳ ኳስ ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም አንዱን በሌላው ፋንታ ማግባት አይገባም።

አሜሪካውያን ተጎታች ቤቶቻቸውን በየትኛው መንገድ እንደ ፈተኑ ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው ጉዞ አለ። ኤርስትሪም የተባለው የተጎታች ቤት ፋብሪካ መሥራች ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 41 የሚያበሩ የአሉሚኒየም ተጎታች ቤቶች ይዘው ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ለተጓዙት ቤተ ሰቦች መሪ ሆኖ ሲመጣ፣ መንገዳቸው በአገራችን በኩል አልፎ ወደ አዲስ አበባ አምጥቷቸው ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነሥተዋል። ያን ጊዜ በአፍሪካ ጥርጊያ መንገድ ላይ ጎማ በገባበት ጉድጓድ ሁሉ የኳሱ ከፍታ ከምድሩ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚለወጥ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ የትይዩነት ትርጉም ይሰፋል፤ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ትይዩ ሆኖ የቆመ ተጎታች በአቀበቱ መጀመሪያ ላይ ወደ ግንባሩ፣ በአቀበቱ ራስ ላይ ወደ ኋላው ለማዘንበል በሁለቱም ወገን እኩል ርቀት የሚቀርለት እርሱ ነው፤ አስቀድሞ የተዛነፈው ግን አንዱን ወገን በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጨርሰዋል። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ባለ ተሳቢ መኪና የሚነዱ ሰዎች የሚያያይዙበት ብረት ከካራቫኑ ኳስ በአሠራሩ ቢለይም፣ በዚህ ነገር ልምዳቸው ከማንም መጽሐፍ የማያንስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አለካኩ እንምጣ። ካራቫኑ ለጉዞ እንደሚጫን ተጭኖ፣ የጋዝ ጠርሙሱም፣ የድንኳኑም ጨርቅ፣ ምግቡም በየቦታው ገብቶ፣ በእውነት ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ይቁም፤ ከመኪናው ሳይያያዝ የግንባሩ ትንሽ ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች እየተጠመዘዘ፣ በወለሉ ላይ የተቀመጠው ውሃ ልክ አረፋውን በመካከሉ እስኪያቆም ድረስ ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ ከምድር እስከ ማያያዣው ራስ ማእከል ይለካ። ይህ አሐዝ ካራቫኑ የሚወደው ከፍታ ነው። መኪናውም እንዲሁ፣ ሰዎቹ ከነሻንጣቸው ተቀምጠውበት፣ የኋላ ጎማዎቹ ለመጎተት በተወሰነው የአየር ግፊት ተነፍተው፣ የኳሱ ማእከል ይለካ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ተያይዘው እንደገና ይለካ። ከመያያዙ በፊትና በኋላ ባለው ልዩነት ባለቤቱ መኪናው በግንባሩ ክብደት ሥር ምን ያህል እንደሚሰምጥ ያውቃል፤ ይህን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው ዳግመኛ ባዶ መኪና ለክቶ አይታለልም። የተያያዙት እንዴት እንደ ቆሙ ለማየት ከሩቅ ከጎን ማየት ብቻ በቂ አይደለም፤ የካራቫኑ ቅርጽ ዓይንን ያስታልና፣ ከሻንሲው ፊተኛ ጫፍና ከኋለኛው ጫፍ እስከ ምድር ሁለት ልኮች መውሰድ እውነቱን ይናገራል።

ልኩ ተዛንፎ ሲገኝ የሚደረገው ነገር በምክንያቱ ይለያያል። መኪናው በመስመጡ ምክንያት ኳሱ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ አስቀድሞ ጭነቱ ይመርመር፤ ከመኪናው ጀርባ ወደ ካራቫኑ አክስል አጠገብ የሚዛወር ከባድ ዕቃ ካለ ይዛወር፤ ቀጥሎ የደከመ ሞላ ካለ ይለወጥ፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ በኋላው ሞላ ላይ የሚጨመር የመደገፊያ ጎማ ወይም የአየር ከረጢት ይግባ። የግንባሩን ክብደት ከሚገባው በታች አሳንሶ ጀርባውን ማንሣት ግን መድኃኒት መስሎ የሚገድል ነገር ነው። ኳሱ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ የከፍታ ማስተካከያ ቡሎን ያለው ብረት ወይም ኳሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰሌዳ መፍትሔ ይሆናል፤ ሰሌዳ በኳሱና በብረቱ መካከል መጨመር ግን የብረቱን ጉልበት የሚያዛባ ማንሻ ስለሚፈጥር፣ ተፈትኖ ለጸደቀ ብረት ሠሪው ራሱ ያልፈቀደውን ሰሌዳ መጨመር ክልክል ነው። በካራቫኑ በኩል ደግሞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ቁራጭ ብረት ገብቶ ቤቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከመኪናዎች ቁመት መጨመር ጋር ይህ መንገድ እየበዛ ነው፤ ነገር ግን የማእከለ ስበቱን ከፍታ ስለሚጨምር በሻንሲው ሠሪ ፈቃድ ካልሆነ በቀር አይደረግ። አልኮ የሚሠራው ዓይነት ኳሱን በመጭመቅ መዋለልን የሚያረጋ ማያያዣ ያለው ሰው ደግሞ ኳሱ ከቀለምና ከቅባት የጸዳ መሆኑን፣ አንገቱም ማያያዣውን ሳይነካ ለመዞር የሚበቃ ርቀት ያለው መሆኑን ከከፍታው ጋር አብሮ ይመልከት።

ራሳቸውን የሚያነሡ መኪናዎች ደግሞ ለጥያቄው አዲስ መልክ ሰጥተውታል። በአየር ከረጢት የሚቆመው መኪና የተጫነበትን ክብደት አውቆ ራሱን ወደ ተወሰነው ከፍታ ስለሚመልስ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በተለካ ጊዜና በጉዞ ላይ ባለ ጊዜ ልኩ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለመጎተት የተወሰነ መቆሚያ ካለው በዚያ ተደርጎ፣ መነሣቱን እስኪጨርስ ተጠብቆ መለካት አለበት። ኒቮማት ተብሎ የሚታወቀው፣ በኋላው ሞላ አጠገብ ያለ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ዘይቱን በራሱ እየጨመቀ ጀርባውን የሚያነሣው መሣሪያ ግን ከዚህም ይለያል፤ ይህ መኪና ቆሞ ሳለ አይነሣም፣ ካራቫኑ እንደ ተያያዘበት ጀርባው ሰምጦ ይታያል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው የሚቀናው። የዚህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ካራቫኑን ካያያዘ በኋላ ወደ መንገድ ወጥቶ ተመላልሶ፣ ሜዳ ቦታ አግኝቶ፣ ማንም ሳይወርድ የኳሱን ማእከል መለካት ይገባዋል፤ በዚያ ቅጽበት የተገኘው አሐዝ ነው ከ350 እና ከ420፣ ከካራቫኑም ከራሱ ትይዩ ከፍታ ጋር የሚነጻጸረው።